አተላና ላባ

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ቴፒ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ አነስተኛ ኩሬ አለ፤ ኩሬው ላይ ደግሞ አምስት ነጭ ዳክዬዎች። ቁርስ የሚበላው እንግዳ ሁሉ ዳቦ እየቆረሰ ይወረውርላቸዋል፣ እነሱም እየተሻሙ ይውጣሉ። ከአምስቱ የሁለቱ ክንፍ ጫፉ ወደ ውጭ ተገልብጦ ቀርቷል፤ ያልታጠፈ ጃንጥላ በብብታቸው ይዘው የሚዞሩ ይመስላሉ። አጠገቤ የተቀመጠ አባት ለልጁ፣ «አየህ፣ ሊበር እየተዘጋጀ ነው» አለው።

ሊበር አይደለም። ዳቦ በዝቶበት ነው። ዳክዬ ገና በማደግ ላይ ሳለ ዳቦና የመሳሰለውን ብቻ ከጠገበ የክንፉ ላባ ከአጥንቱ ቀድሞ ይከብዳል፤ አጥንቱ መሸከም ያቅተውና ይጠመዘዛል። ካደገ በኋላ መላ የለውም። አስተናጋጁን ጠርቼ ይህንኑ ነገርኩት። በጨዋነት አዳመጠኝና፣ «እሺ እትዬ፣ ለባለቤቱ እነግራለሁ» ብሎ ሻይ ሊያመጣልኝ ሄደ። እንደማይነግር አውቄአለሁ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልነግርም ነበር።

ይህን የማውቀው ተምሬው አይደለም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ እዚያው ቴፒ፣ ከሆቴሉ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ በሚሆን ሰፈር፣ ዳክዬ አርብቶ ነበር። ነገሩ የቆየው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ቤታችን ውስጥ ዳክዬ ገብቶ አያውቅም።

አባቴ ታደለ ይባላል። ሾፌር ነበር። ቡና የሚጭን መኪና ይነዳ ነበር፤ ኋላ ጠላው በዛና መኪናውን ተቀማ። መኪናው ሲቀር ጠላው ብቻ ቀረ። እናቴ አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜን በረከትን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ጌጫ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። አራት ወር ያህል እዚያ ቆየን። ጌጫ ብርድ ነው፤ እኔ የቴፒ ልጅ ስለሆንኩ ሁልጊዜ አፍንጫዬ ይፈስ ነበር። ከአራት ወር በኋላ አባቴ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ከአያቴ ጋር ሲነጋገሩ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ በቆሎ እፈለፍላለሁ። ብዙ ወሬ ተወራ። በመጨረሻ እናቴ የተናገረችውን ግን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሁለት ነገር ነው የምፈልገው። ሥራ ይያዝ። ሽታው ደግሞ ቤቴ አይግባ። የጠላ ሽታ ቤቴ የገባ ቀን ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም እንዳይለምነኝ።»

ሽማግሌዎቹ «ልክ ነሽ» አሏት። እኔም ነገሩ ገባኝ ብዬ አመንኩ። የገባኝ ግን በልጅ ጭንቅላት ነው፤ ጥፋቱ መጠጡ ሳይሆን ሽታው ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። አንዳንድ ሰው ድመት እንደማይወድ፣ እናቴም የጠላ ሽታ አትወድም። ስለዚህ ሽታ እስካልገባ ድረስ ማንም የትም አይሄድም።

ቴፒ ተመለስን። ከተመለስን ጀምሮ ቤታችን አዲስ ልማድ ገባ። አባዬ ከውጭ ሲመጣ ዝም ብሎ አይገባም፤ በሩ ላይ ይቆማል። እማዬ የያዘችውን አስቀምጣ ትጠጋዋለች። እሱ ጎንበስ ብሎ ፊቷ ላይ «እፍ» ይላል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ትቆይና «ግባ» ትለዋለች። በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ታርቀው የተዋደዱ ባልና ሚስት ሰላምታ የሚለዋወጡት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ባል የሆነውን የጎረቤት ልጅ በር ላይ አቁሜ፣ «መጀመሪያ እፍ በለኝ» አልኩት። የተጠበሰ በቆሎ ሲበላ ነበርና ፍርፋሪውን ሁሉ ፊቴ ላይ በተነው። ልጆቹ ሳቁ። ቤታቸው ፍቅር የለም ማለት ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

ሥራው እንደ ሽታው ቀላል አልሆነም። አባዬ መንገድ የሚሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ካምፕ ሄዶ ሾፌርነት ጠየቀ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ ቁልፍ የሚሰጠው አልተገኘም። የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ ግን አዝኖለት ይሁን ወይም ሌላ ሰው አጥቶ፣ በካርቶን አሥራ ሁለት የዳክዬ ጫጩቶች አስያዘው። ሰዎቹ ዳክዬ ይወዳሉ፤ ዳክዬ ደግሞ እኛ አገር ማንም አያረባም። «ክንፋቸው ጀርባቸው ላይ ሲገናኝ አምጣቸው» ብሎታል። ከዚያ በፊት ሲታረዱ ቆዳቸው ውስጥ ገና ያልፈነዳ የላባ እሾህ ስላለ ለመንጨት አይመቹም። አሥራ ሁለቱ ካማሩለት ዳክዬ የማቅረቡ ሥራ የአባዬ ይሆናል።

እማዬ ካርቶኑን ከፍታ አየች። «ይሄ ሥራ ነው?» አለች።

«ከዚህ ይጀመራል» አላት።

«እሺ። ሲጀመር እናያለን።»

ሰፈሩ ሳቀብን። ክርስቲያኑም እስላሙም ዳክዬ ሲበላ አይቶ አያውቅም። «ታደለ፣ በግ አጥተህ ነው የውሃ አሞራ የምታረባው?» ይሉታል። አባዬ፣ «ቢያንስ ሌባ አይሰርቅብኝም» እያለ ይመልስ ነበር። እውነቱን ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ለስርቆት ብሎ አጥራችንን የነካ ሰው አልነበረም። ውሻና ሸለምጥማጥ ግን ስጋና ስጋ አይለዩም። እነሱን ፈርቶ ዳክዬዎቹን ከኮባው አጠገብ በቀርከሃ አጥሮ ዘጋባቸው። መመገብ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ጠዋት አንድ ጣሳ የተፈጨ በቆሎ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሌላ አንድ ጣሳ፣ በሳፋ ውሃ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ቢጫ ነበሩ፤ ሆዳሞች ነበሩ፤ ውሃውን ያደፈርሳሉ፣ እላዩ ላይ ይተኛሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መንበርከክ ጀመሩ። ቆመው በልተው እንደጨረሱ ሁለቱን እግራቸውን ወደ ኋላ አጥፈው በጉልበታቸው ይቀመጣሉ። እማዬ ማታ ማታ አንበርክካ ታስጸልየኝ ነበርና፣ ዳክዬዎቹ ከምግብ በኋላ የሚያመሰግኑ መስሎኝ በጣም አከበርኳቸው። ለጓደኞቼ አስጎበኘኋቸው። ከጓደኞቼ አንዷ፣ «ለምን አሜን ብለው አይነሱም?» አለች። ለካ ጥያቄዋ ልክ ነበር። አይነሱም። መነሳት አቅቷቸው ነው።

ላባውም እንደዚያው። ቢጫው ጠጉር እየረገፈ ሄደ፤ በቦታው መምጣት የነበረበት ነጭ ላባ ግን አልመጣም። ቀይ ቆዳ ይታያል፤ እዚህም እዚያም እንደ እስክሪብቶ ቀፎ ያለ ነገር ብቅ ይላል፣ ሌላዋ ዳክዬ መጥታ ነቅላ ትበላዋለች። የጎረቤታችን የዶሮ ጫጩቶች በአንድ ሳምንት የተፈለፈሉ እኩዮቻቸው ነበሩ፤ እነሱ ላባ ለብሰው፣ አጥር ዘለው፣ ጭራሽ ከእኛ ሳፋ ውሃ ይጠጣሉ።

አባዬ የቀበሌዋን የእንስሳት ባለሙያ ይዞ መጣ። ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ነበረች፤ ጭቃው ውስጥ ሳትጸየፍ ቁጭ ብላ አንዷን ዳክዬ ገለበጠቻት። እማዬ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ትሸጥ ስለነበር ቤት አልነበረችም።

«ምንድን ነው የሚበሉት?» አለች ባለሙያዋ።

«በቆሎ።»

«ሌላስ?»

«በቆሎ ነው» አለ አባዬ፣ እንዳልሰማችው ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ጋሼ፣ ዳክዬ ዶሮ አይደለም። በቆሎ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ እግርና ላባ አይሠራለትም። ዶሮው ቢሆን ዞሮ የጎደለውን ይለቅማል፤ እነዚህን ዘግታችሁባቸዋል። ለላባው ትል፣ ምስጥ፣ ቀንድ አውጣ፣ ያገኛችሁትን ስጧቸው። ለእግራቸው ግን እርሾ ያለበት ነገር ነው የሚያስፈልገው።»

«እርሾ ስትይ?»

«አተላ ነዋ! ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሰፈራችሁ ውስጥ ይጠፋል? ጥቂት፣ ከበቆሎው ጋር ለውሳችሁ። በሳምንት ውስጥ ይቆማሉ።»

አባዬ ቀና ብሎ መንገዱን አየ። «አተላ እዚህ ግቢ አይገባም» አለ።

«ለምን?»

«አይገባማ።»

ሃይማኖት ነገር መስሏት ይሆናል፣ አልጨቀጨቀችውም። «እንግዲያው ከዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ ይግዙ» አለችው። የት እንደሚገኝ ሲጠይቃት አሰበችና፣ «እዚህስ የለም» አለች። እጇን በሳፋው ታጥባ ሄደች።

በሚቀጥለው ሳምንት እኔና አባዬ መሬት ቆፈርን። ቴፒ ዝናብ አያጣም፣ ትሉ ሞልቷል፤ ነገር ግን አሥራ ሁለት ሆዳም ያንን ሁሉ ቁፋሮ በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል። አባዬ እጁ አብጦ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር። ላባው ትንሽ ብቅ ብቅ አለ። እግሩ ግን ያው። አንድ ጠዋት አንዷ ዳክዬ በደረቷ እየተሳበች ወደ ምግቡ ስትመጣ አየን። አባዬ ጎንበስ ብሎ አነሳት። «እንግዲህ» አለ።

እኔ ያኔ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ዳክዬዎቹ ከሞቱ ሥራው ይሞታል፤ እማዬ ጌጫ ትሄዳለች። አተላው ከገባ ሽታው ይገባል፤ እማዬ ጌጫ ትሄዳለች። ሁለቱን አመዛዘንኩ። የሞተ ዳክዬ አይነሳም፤ ሽታ ግን ይታጠባል።

እትዬ ብርቄ ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ፣ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠላ ትሸጥ ነበር። አፏን የፈታችው በቤንችኛ ነው፤ አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ማንም ቅር አይሰኝባትም። ቆርቆሮዬን ይዤ ስቆም አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ፈለግህ?»

«አተላ።»

«ለማን?»

«ለዳክዬ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወች። «አባትህ ያውቃል?»

«አዎ።»

ለረጅም ጊዜ ዓይኔን አየችው። አባዬ ስንት ዘመን ደንበኛዋ ነበር፣ ለምን እንደቀረባትም ታውቃለች። ቆርቆሮውን ሞላችልኝ። «ለዳክዬ ብቻ» አለችኝ። «ሰማህ?»

በአጥሩ ቀዳዳ ገብቼ፣ ጥቂት የተባለውን ረስቼ ሙሉውን አቀረብኩላቸው። እንደዚያ ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም። ሲጨርሱ አንዷ ሌላዋ ላይ ተደገፈች፣ ሌላዋ አፏን ጭቃ ውስጥ ተክላ ተኛች፤ አሥራ ሁለቱም ወዲያና ወዲህ ተዘረሩ። ገደልኳቸው ብዬ ኮባው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። አንዱ ወንድ ዳክዬ ግን ያንኮራፋ ነበር። ማንኮራፋቱን ስሰማ አወቅኩት፤ አባዬ ድሮ የሚያንኮራፋው ዓይነት ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ለውሼ ሰጠሁ።

ቀሪው ሽታው ነበር። አፋቸውን በውሃ አጠብኩ፤ አለቀቀም። በልብስ ሳሙና አጠብኩ፤ ትንሽ ለቀቀ። ችግሩ ዳክዬ የሚበላው በአፉ ብቻ አይደለም፤ ደረቱን፣ አንገቱን፣ ጎኑን አንድ ላይ ነው የሚያበላው። ስለዚህ ሙሉ ገላቸውን ማጠብ ጀመርኩ፤ በየቀኑ፣ አሥራ ሁለቱንም፣ በሳሙና። እማዬ ሳሙናው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ካልሲዬን አጥቤ ነው አልኳት። ካልሲ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ተሳቢዋ ቆመች። በሳምንቱ ሁሉም ቆሙ። ከዚያ ላባው መጣ፤ መጀመሪያ ትከሻቸው ላይ፣ ቀጥሎ ደረታቸው፣ ከሁሉም በኋላ ክንፋቸው። አባዬ በየጠዋቱ አንዷን ይይዝና በጀርባዋ ላይ በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለውን ክፍተት በጣቱ ይለካል። አራት ጣት ነበር። ሦስት ሆነ። ከትሉ ጋር ቅጠልም ጎደሬም እንጨምርላቸው ነበር፣ እሱ እንግዲህ የዳኑት በዚያ ይመስለዋል ብዬ ዝም አልኩ። እንዴት ዳኑ ብሎ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ዝም አይነቅዝም።

ነገር ግን አባዬ መውጣት አበዛ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ ይነሳል፣ ጃኬቱን ይለብሳል፣ ይወጣል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ዳክዬዎቹ የሰለቹት መሰለኝ። ሰፈሩ ደግሞ የየራሱ ነገር መሰለው። አንድ ቀን እማዬ ፀጉሬን እየሠራች፣ «አባትሽ ከሰዓት የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ።»

«በእነ ብርቄ በኩል ሲወርድ አየነው ይሉኛል።»

«እኔ እንጃ» አልኩ እንደገና። እውነቴን ነበር። እፉን አሁንም በሩ ላይ ይላታል፤ እሷ ግን «ግባ» ለማለት ከበፊቱ የበለጠ ጊዜ ትወስድ ነበር። ፍቅሩ ጨመረ ብዬ ተደሰትኩ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። በእኛ ቤት ተደብቆ የነበረው ራሱ ብቅሉ ነው፣ ያወጣውም ውሃ ነው።

ክፍተቱ አንድ ጣት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትልቅ ዝናብ ዘንቦ ካባራ በኋላ አባዬ ደስ ብሎት ነበር። ከግቢያችን በታች ያለው ቦይ ሞልቶ ይጮሃል። «እስከ መቼ በሳፋ? ላባ አውጥተዋል፣ ይዋኙ እንጂ» አለ። እማዬን ከጉልት እንደገባች ጠራት። በረከትን ታቅፋ መጣች። አባዬ ቀርከሃውን ነቀለ፤ ዳክዬዎቹ በሰልፍ፣ እየተጯጯሁ፣ ቁልቁል ወርደው ውሃው ውስጥ ገቡ። ደስታቸውን አይቼ አጨበጨብኩ።

ከዚያ መስመጥ ጀመሩ።

ዳክዬ ሲሰምጥ ያየ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ውሃው ከላያቸው አልተንሸራተተም፤ ላባቸው ውስጥ ገባ፤ እንደ ጨርቅ ራሱ። አንገታቸው ብቻ ቀረ፣ በአንገታቸው ይጮኻሉ። ዳክዬ ጅራቱ ሥር ቅባት አለው፣ በአፉ እየወሰደ ላባውን ይቀባል፤ ውሃ የማይገባው በዚያ ነው። ያንን ቅባት እኔ በየቀኑ በሳሙና ሙልጭ አድርጌ ሳወጣው ነው የከረምኩት። ይህን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው። በዚያን ሰዓት አባዬ እስከ ወገቡ ቦዩ ውስጥ ገብቶ እየያዘ ወደ እኛ ሲወረውር፣ እማዬ ልጁን መሬት አስቀምጣ በነጠላዋ ስትቀበል፣ እኔ ቆሜ አይ ነበር። ሦስቱን ቦዩ ወሰደ። ዘጠኙን ወደ ማድ ቤት ይዘናቸው ገባን። እሳት ተቀጣጠለ። ሁላችንም አንድ አንድ ዳክዬ ጭናችን ላይ አድርገን በጨርቅ ማሸት ጀመርን።

ማድ ቤቱ ሲሞቅ ዳክዬዎቹም ሞቁ። ዳክዬዎቹ ሲሞቁ ሸተቱ።

ጠዋት እማዬ ጉልት እንደወጣች አብልቻቸው ነበር። የጠላ ሽታ ከሳሙና ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ሞላው። የእማዬ እጅ ቆመ። ከሳሙናው ጋር መሆኑ የባሰ ነው፤ አባዬ ድሮ ጠጥቶ ሲመጣ አፉን በሳሙና ተጉመጥምጦ ይገባ ነበርና የተሸፈነ ሽታ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። ዳክዬዋን አስቀመጠች።

«ታደለ፣ እፍ በል።»

አባዬ ውሃ እየተንጠባጠበ ተነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ እፍ አለ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። በጣም ቆየች። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ቤቱ ሁሉ ይሸታል። እንጃ፣ አላውቅም።»

ከገመዱ ላይ የበረከትን ልብሶች አወረደች፣ ተቀምጣ ታጥፍ ጀመር። አልጮኸችም። አባዬ ዳክዬውን መልሶ ጭኑ ላይ አድርጎ ማሸቱን ቀጠለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፣ ዳዋው ግን አንድ ቃል እንኳ አልተነፈሰም። በጣም ፈራሁ። ጌጫን ፈራሁ፣ ብርዱን፣ ከበሩ ኋላ በቆሎ መፈልፈሉን።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ። ለአባትሽ ብለሽ አትዋሺ።»

ሮጬ ወጥቼ ኮባው ሥር የደበቅኩትን ቆርቆሮ አመጣሁ። ግርጌው ላይ አተላ ነበረበት። የሳሙናውንም ቁራጭ ውስጡ ጨምሬው ነበር። መሬት ላይ አስቀመጥኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፤ መንበርከካቸውን፣ ባለሙያዋን፣ እትዬ ብርቄን፣ ማንኮራፋቱን። ስጨርስ እማዬ እኔን አልነበረም የምታየው።

«አንተ አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ አባዬ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ይሄን ሽታ ከእኔ ማን ይደብቀዋል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ቆሙ እኮ፣ አስቴር። እግራቸው ቆመ።» ዳክዬውን ገለበጠው። «እሷ በቀዳዳው ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ድልድዩ ጋ እቀመጣለሁ። ሲመሽ እመጣለሁ።»

«ድልድዩ ጋ ምን ትሠራለህ?»

«ምንም። እቀመጣለሁ።»

እማዬ ያጠፈችውን ልብስ ሻንጣ ውስጥ አልከተተችውም፤ ገመዱ ላይም አልመለሰችውም። ጉልበቷ ላይ አድርጋው ቁጭ አለች። በረከት አለቀሰ። ዳክዬዎቹን እስኪደርቁ አሸን።

ዘጠኙ ዳክዬዎች ቅባታቸውን መልሰው፣ ክንፋቸው ገጥሞ ካምፑ ወሰዳቸው፤ ሌላ ካርቶን ጫጩትም ለመስከረም ተባለ፣ መንገዱ ግን ከመስከረም በፊት አለቀና ሰዎቹ ሄዱ። እሱ ሌላ ታሪክ ነው። እኔ የማስታውሰው በማግስቱ ያለውን እሑድ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት ሰዓት፣ እማዬ ትልቁን ባልዲ አንስታ ወጣች። የት ትሄጃለሽ ያላት የለም። ስትመለስ ባልዲው ጭንቅላቷ ላይ ነበር፤ አተላው በጠርዙ እየዘለለ ነጠላዋን አበላሽቶታል። በአጥሩ ቀዳዳ አይደለም የገባችው፤ በዋናው በር፣ ሰፈሩ ሁሉ እያያት ነው። ግቢው መካከል ላይ አወረደችው።

«አንተ ወደ ድልድዩ ሂድ» አለችው አባዬን። «ስንጨርስ ልጅቷን እልክብሃለሁ።»

አባዬ ጃኬቱን ለበሰና ሄደ። እኔና እማዬ ለወስን፣ አበላን፣ ሳፋውን ከሰልና አመድ ነስንሰን አጠብነው። ዳክዬዎቹን አላጠብናቸውም። ሲያልቅ፣ «በይ ጥሪው» አለችኝ።

ድልድዩ ሩቅ አይደለም። አባዬ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ። በኪሱም በእጁም ምንም የለም። አጠገቡ ቆምኩ።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨርሰናል።»

«ሽታውስ?»

«የለም» አልኩ። ቀሚሴ ራሱ ይሸት ነበር። አባዬ አየኝ፣ ከዚያ ተነሳ። «እንግዲያው እኔ ልቅደም፤ አንቺ ራቅ ብለሽ ተከተይኝ» አለኝ። ያኔ ከፋኝ። እጄን የሚይዘኝ መስሎኝ ነበር።

ከድልድዩ ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ አንድ ነው። እትዬ ብርቄ ደጅ ስንደርስ በሩ ክፍት ነበር፣ ውስጡ ሰው ሞልቷል፣ ሽታው እስከ መንገዱ ይመጣል። አንዱ ከውስጥ አየውና፣ «ታደለ! ኧረ ግባ፣ ምን ሆነሃል!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት። አባዬ አንገቱን ሳያዞር እጁን ብቻ አነሳላቸው። ጆሮው ግን ሲቀላ ከኋላው አየሁ፤ እርምጃውን ጨመረ፤ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም። ከጣሪያቸው ሥር እስክናልፍ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ሲለቀው ድምፁን ሰማሁት።

በየቀኑ ስሄድ ስመጣ ከዳክዬዎቹ ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። አባዬ ያንን ደጅ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንደሚያልፈው፣ የሚያልፈው ደግሞ በእኔ ቆርቆሮ ምክንያት እንደሆነ፣ የገባኝ ያኔ ነው።